ወረራ፤ የጥንቱ የኢትዮጵያ ሰንጠረዥ አከፋፈት

በዛሬ ጊዜ በክፍል ውስጥ «ሰንጠረዥ» ሲባል ሁላችንም የምናስበው መምህራችን በሰሌዳ ላይ የሚያሰምሩትን ዐምድና ረድፍ ነው። የፈተና ውጤት፥ የዝናም ልክ፥ የሕዝብ ቍጥር የሚጻፍበት ማለት ነው። ነገር ግን ቃሉ ወደ ደብተራችን ከመግባቱ በፊት የጨዋታ ስም ነበረ። በነገሥታቱ ግቢና በመኳንንቱ አዳራሽ፥ ከማዕድ በኋላ፥ ቀይ ጨርቅ ተነጥፎ ሁለት ሰዎች በግራና በቀኝ ተቀምጠው ንጉሥን ከነሠራዊቱ የሚያጋጥሙበት ጨዋታ ነው። ዛሬ ወጣቱ «ቼዝ» እያለ የሚጫወተው የዚሁ ጨዋታ ወንድም መሆኑን የሚያውቅ ተማሪ ጥቂት ነው።

ይህን ጽሑፍ ለትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት ሳቀርብ የጨዋታውን ታሪክ በሙሉ ልተርክ አልተነሣሁም። የምጽፈው ስለ አንድ ነገር፥ ይኸውም ጨዋታው ስለሚከፈትበት መንገድ ነው። አባቶቻችን ይህን ክፍል «ወረራ» ይሉት ነበር። ለእንግዳ ሰው ወረራ ግርግርና ሥርዐት ማጣት ይመስላል፤ ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ ጠጠሮቻቸውን ያንቀሳቅሳሉና። ነገሩን ቀርቦ ለመረመረው ግን ወረራ ለአንድ አስቸጋሪ ጥያቄ የተሰጠ መልስ ነው። በሌላው ዓለም ለዚያው ጥያቄ ሌላ ሌላ መልስ ተሰጥቶታል።

አስቀድሞ የጨዋታውን መንገድ በአጭሩ እንመልከት። ሰንጠረዥ የተወለደው በህንድ አገር ነው። ከዚያ ወደ ፋርስ፥ ከፋርስም ወደ ዐረቦች ተሻገረ፤ ዐረቦቹም «ሻጥራንጅ» አሉት። የእኛ ቃል የዚሁ ስም ዘመድ እንደ ሆነ ጆሮ ራሱ ይመሰክራል። በአገራችን ስለ መኖሩ ከሚገኙት ጥንታውያን ምስክሮች አንዱ ዐፄ ልብነ ድንግልን የሚመለከት ነው። ንጉሡ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1508 እስከ 1540 ዓ.ም. የነገሡ ሲሆን፥ ቢቺኒ ከሚባል የቬኒስ ሠዓሊ ጋር ሰንጠረዥ ይጫወቱ እንደ ነበር ተጽፎ ይገኛል። ልብነ ድንግል በልጅነታቸው በነገሡ ጊዜ መንግሥቱን በእንደራሴነት የመሩት ንግሥት እሌኒ ናቸው። እኚህም ከቢቸናም ሆነ ከሞጣ ሩቅ ባልሆነችው በመርጡለ ማርያም ታላቁን ቤተ ክርስቲያን ያሠሩት ንግሥት ናቸው። ስለዚህ ነገሩ የሩቅ ሰው ወሬ ብቻ አይደለም፤ በእኛ አገር ድንጋይ ካስጠረቡት እመቤት እጅ ያደገው ንጉሥ የተጫወተው ጨዋታ ነው።

የኢትዮጵያ ሰንጠረዥ ሜዳ እንደ ዛሬው ቼዝ ነጭና ጥቁር ቤት አልነበረውም። ቀይ ጨርቅ ላይ ጥቁር ወይም ሰማያዊ ቅዳጅ በአግድምና በቁመት ይሰፋና 64 ቤት ይወጣል፤ ሁሉም ቤት አንድ ዐይነት ነው። ጠጠሮቹ ለእያንዳንዱ ተጫዋች 16 ናቸው። ንጉሥ በየአቅጣጫው አንድ አንድ ቤት ይሄዳል። ከጎኑ የሚቆመው ፈርዝ ዛሬ በቼዝ ንግሥት የምትባለው ናት፤ ነገር ግን እንደ እርሷ ሜዳውን አታቋርጥም። በማዕዘን አቅጣጫ አንድ ቤት ብቻ ትራመዳለች። ፊል ማለት ዝሆን ነው፤ ሳባም ይባላል። እርሱም በማዕዘን በኩል ሁለተኛው ቤት ላይ ይዘላል፤ በመካከል ያለው ጠጠር አያግደውም። ፈረስና ደር እንደ ዛሬው ናቸው፤ ደር የምንለው በቼዝ ግንብ የሚመስለው ነው። ከፊት የሚሰለፉት ስምንቱ መደቆች አንድ ቤት ብቻ ወደ ፊት ይሄዳሉ፤ የሚመቱትም በማዕዘን ነው። በመጀመሪያ እርምጃ ሁለት ቤት መዝለል የለም።

ከዚህ ዝርዝር ውስጥ አንድ ነገር ይወጣል፤ እርሱም የጠጠሮቹ ዘገምተኛነት ነው። መደቅ አንድ ቤት፥ ፈርዝ አንድ ቤት፥ ንጉሥ አንድ ቤት። ፊል ቢዘልም ከሁለት ቤት አያልፍም። ደር ረጅም እግር አለው፤ ነገር ግን መንገድ እስኪከፈትለት ድረስ ከመደቅ ኋላ ታስሮ ይቆያል። እንግዲህ ሁለት ሠራዊት በሁለት ዳር ተሰልፈው ተራ በተራ አንድ አንድ ቢራመዱ እስኪገናኙ ድረስ ብዙ ጊዜ ያልፋል፤ ያም ጊዜ ጦር የሌለበት ጉዞ ብቻ ነው። የአከፋፈቱ ጥያቄ ይህ ነበር።

ዐረቦች ይህን ችግር የፈቱት በመጽሐፍ ነው። በ9ኛውና በ10ኛው መቶ ዓመት በባግዳድ የነበሩት እንደ አል-ዓድሊና አስ-ሱሊ ያሉ ሊቃውንት «ታዕቢያ» የሚሉትን የሰልፍ ዐይነት ለይተው ጻፉ። ተጫዋቹ ከአሥር በላይ በሚሆን እርምጃ ጠጠሮቹን አስቀድሞ ወደ ታወቀው ሰልፍ ያመጣል፤ ባለጋራውም በበኩሉ የራሱን ሰልፍ ይሠራል፤ ውጊያው ከዚያ በኋላ ይጀመራል። አውሮፓውያን ደግሞ በ15ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ላይ ጠጠሮቹን ራሳቸውን ለወጡ። ፈርዝን ሜዳውን ሁሉ የምታቋርጥ ንግሥት አደረጓት፤ የፊሉንም ቦታ ረጅም ለሚሄደው ጠጠር ሰጡ፤ መደቁም ሲነሣ ሁለት ቤት እንዲሄድ ከዚያ ቀደም ብለው ፈቅደውለት ነበር። ከዚያ በኋላ ውጊያው በጥቂት እርምጃ ውስጥ ስለሚነሣ አከፋፈትን በቃል ማጥናት ግድ ሆነ። እስፔናዊው ቄስ ሩይ ሎፔዝ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1561 ዓ.ም. መጽሐፍ ጽፎ፥ እነሆ ዛሬም ስሙ በአንድ የአከፋፈት ዐይነት ላይ ይጠራል።

የእኛ አባቶች ጠጠሮቹን አልለወጡም፤ ሰልፉንም በመጽሐፍ አልጻፉም። ተራውን አነሡት። ጨዋታው ሲጀመር እያንዳንዱ ተጫዋች የፈለገውን ያህል ጊዜ፥ የፈለገውን ጠጠር፥ ባለጋራው ምን ያህል እንደ ተራመደ ሳይቈጥር ያንቀሳቅሳል። አንዱ ሦስት ሲራመድ ሌላው አምስት ሊራመድ ይችላል። ያራመደውን መልሶ ሊያስገባም ይችላል። ይህ የሚቆየው አንድ ጠጠር እስኪመታ ድረስ ነው። የመጀመሪያው ጠጠር ከተመታ በኋላ ወረራው አለቀ፤ ከዚያ ወዲያ እንደ ማንኛውም ሰንጠረዥ በተራ ነው።

ወረራ የዘገምተኛውን ጉዞ ጊዜ አጠፋው፤ ይህ የመጀመሪያው ጥቅሙ ነው። የሚበልጠው ጥቅሙ ግን ሌላ ነው። በታዕቢያ ጊዜ ተጫዋቹ የሚያስበው ስለ ራሱ ሰልፍ ነው። በወረራ ጊዜ ግን የራስህን ሰልፍ ከመሥራት ይልቅ የባለጋራህን እጅ መጠበቅ ይበልጣል። እርሱ ፈረሱን ወደ ቀኝ ሲያወጣ አንተ መደቅህን ወደዚያ ትመልሳለህ፤ እርሱም የአንተን አይቶ ፈረሱን ይመልሳል። ስለዚህ በቃል የተጠና አከፋፈት በዚህ ጨዋታ ዋጋ የለውም። እኔ ዐምስተኛውን እርምጃዬን አጥንቼ ብመጣ፥ ባለጋራዬ ዐምስተኛ ሳልደርስ ሰባት ጊዜ ተራምዶ ሜዳውን ለውጦብኛል።

ሆኖም ከተራ ነጻ መሆን ከሐሳብ ነጻ መሆን አይደለም። እንዲያውም ሜዳውን በጥንቃቄ ያጠና ሰው አንዳንድ የተሸሸጉ ሕጎችን ያገኛል። እነዚህን በእርሳስና በደብተር ማንም ሊያረጋግጣቸው ይችላል። ረድፎቹን ከእኛ በኩል ጀምረን ከ1 እስከ 8፥ ዐምዶቹንም ከግራችን ጀምረን ከ1 እስከ 8 እንቍጠራቸው። ፊሎቻችን በመጀመሪያው ረድፍ በ3ኛውና በ6ኛው ዐምድ ይቆማሉ። ፊል ሁልጊዜ ሁለት ረድፍ ስለሚዘል ከ1ኛው ረድፍ ወደ 3ኛው፥ ከ3ኛው ወደ 5ኛው፥ ከ5ኛው ወደ 7ኛው ይሄዳል። ስለዚህ የእኛ ፊሎች ጎዶሎ ቍጥር ካለው ረድፍ በቀር የትም አይቆሙም። የባለጋራችን ፊሎች ደግሞ ከ8ኛው ረድፍ ስለሚነሡ ሙሉ ቍጥር ባላቸው ረድፎች ላይ ብቻ ይኖራሉ። እያንዳንዱ ፊል በዕድሜው ሁሉ ሊቆምባቸው የሚችሉት ቤቶች 8 ብቻ ናቸው። አራቱም ፊሎች አንድ ላይ 32 ቤት ያዳርሳሉ፤ አንዱ ፊል በሌላው ፊል ቤት ፈጽሞ አይገባም። ዝሆን ዝሆንን መትቶ አያውቅም ማለት ነው።

ታዲያ ይህ ለወረራ ምን ይጠቅማል? በ3ኛው ረድፍ ላይ ያቆምነውን ማንኛውንም ጠጠር የባለጋራ ፊል ሊነካው አይችልም። ፈረሶቻችንን በ3ኛውና በ6ኛው ዐምድ ወደ 3ኛው ረድፍ ብናወጣ ከዝሆን ሥጋት ነጻ ናቸው። መደቆችን ወደ 4ኛው ረድፍ ስናስጠጋ ግን ነገሩ ይለያያል፤ በ2ኛው፥ በ3ኛው፥ በ6ኛውና በ7ኛው ዐምድ የቆሙትን ፊል ሊመታቸው ይችላል። በ1ኛው፥ በ4ኛው፥ በ5ኛውና በ8ኛው ዐምድ ያሉትን ግን አይደርስባቸውም። የመካከለኞቹን ሁለት መደቆች ወደ ፊት ማውጣት መልካም የሚሆነው እንግዲህ ስለ ማማር ብቻ አይደለም።

የፈርዝም ነገር እንዲሁ ነው። በኢትዮጵያ አሰላለፍ ንጉሡ ከተጫዋቹ መካከለኛ መስመር በስተቀኝ፥ ፈርዝ በስተግራ ትቆማለች፤ ሁለቱም ወገን እንዲሁ ስለሚያደርግ የአንዱ ንጉሥ ከሌላው ፈርዝ ፊት ለፊት ይጋጠማል። በዛሬው ቼዝ ንጉሥ ከንጉሥ ነው የሚፋጠጠው። ይህች ትንሽ የምትመስል ልዩነት ትልቅ ውጤት አላት። ፈርዝ በማዕዘን አንድ አንድ ቤት ስለምትሄድ ከሜዳው እኩሌታ በቀር አታዳርስም። ንጉሦች ፊት ለፊት ቢቆሙ ኖሮ ሁለቱ ፈርዞች የሚሄዱበት እኩሌታ የተለያየ ስለሚሆን እንደ ዝሆኖቹ ፈጽሞ አይገናኙም ነበር። በእኛ አሰላለፍ ግን ሁለቱም በአንድ ዐይነት ቤቶች ላይ ስለሚመላለሱ ይገናኛሉ፤ ይመታታሉም። ፈርዝን በ4ኛው ዐምድ ወደ 3ኛው ረድፍ ያወጣት ሰው በ4ኛው ረድፍ በግራና በቀኝ ያሉትን ሁለት መደቆች ትጠብቅለታለች። በፊቷ ያለውን፥ ማለት በ4ኛው ዐምድ በ4ኛው ረድፍ የቆመውን መደቅ ግን አትጠብቅም። ነገር ግን ያ ቤት የባለጋራው ፈርዝም ሆነ ፊል የማይደርስበት ስለ ሆነ ጠባቂ ባይበዛለትም አያስፈራም። እኔ ይህን ቤት ካገኘሁ ወዲህ ከሜዳው ሁሉ የምወደው እርሱን ነው።

ዛሬ በነጭና በጥቁር ቤት ላይ የሚጫወት ሰው ይህን ሁሉ በቀለሙ ይለያል። በቀዩ ጨርቅ ላይ ግን የሚረዳ ቀለም አልነበረም። የትኛው ቤት የዝሆን እንደ ሆነና የትኛው የፈርዝ እንደ ሆነ በልብ መያዝ ነበረበት፤ ያውም የባለጋራው እጅ ሳያርፍ።

አሁን ወደ ወረራው ልብ እንመለስ፤ እርሱም የመጀመሪያው ምት ነው። ተራ ከሌለ፥ ፈጣን እጅ ያለው ሰው ፈረሱን በሁለት ዝላይ ወደ ሜዳው መካከል አምጥቶ በሦስተኛው ዝላይ መደቅ ሊመታ ይችላል። ይህን ያየ ሰው ጨዋታው የፍጥነት ብቻ ነው ይል ይሆናል። እስቲ እንፈትነው። ከግራ በኩል ያለው ፈረስ ወጥቶ በ4ኛው ዐምድ 5ኛው ረድፍ ላይ ደረሰ እንበል፤ ከዚያም በ3ኛው ዐምድ በ7ኛው ረድፍ ያለውን የባለጋራ መደቅ መታ። ወረራው በዚያች ቅጽበት አለቀ፤ ተራውም የባለጋራው ሆነ። የባለጋራው ንጉሥ ግን ከዚያ ቤት አጠገብ ነው የቆመው፤ ወጥቶ ፈረሱን ይመታዋል። ጥድፈኛው ፈረስ ሰጥቶ መደቅ ተቀበለ። የንጉሡ ከቦታው መነሣት ትንሽ ጉዳት ቢሆንም፥ ፈረስን የሚያህል ዋጋ የለውም።

ስለዚህ የወረራ ዋና ሐሳብ በመጀመሪያ መምታት ሳይሆን በመጀመሪያ የሚመታውን ሰው እንዲጸጸት ማድረግ ነው። ሰልፍህን ስታዘጋጅ እያንዳንዱ ጠጠር ጠባቂ ይኑረው፤ መደቅ መደቅን፥ ፈርዝ መደቅን፥ ደር ከኋላ ዐምዱን ይጠብቅ። ይህ ከተሟላ ባለጋራህ መቼም ቢመታ አንተ ትመልሳለህ። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ቈጠራ ነው። በአንድ ቤት ላይ የሚመቱ ስንት አሉኝ? የሚጠብቁ ስንት አሉት? እኔ ሦስት እርሱ ሁለት ከሆነ ምቱ ይጠቅመኛል፤ የማቀርበውም ጠጠር ከሚመታው እንዳይከብድ አስተውላለሁ። ይህን ግን እርሱም ይቈጥራል። በተራ የሚሄድ ጨዋታ ቢሆን አንድ ጠባቂ ለመጨመር አንድ እርምጃ ብቻ ስለሚኖረው ሊዘገይ ይችል ነበር። በወረራ ጊዜ ግን ሁለትም ሦስትም ጠባቂ በአንድ ትንፋሽ ይጨምራል። እንግዲህ ጥሩ ተጫዋች የሚመታው የባለጋራው ዐይን ወደ ሌላው ዳር በዞረበት ሰዓት ነው። በአንድ ወገን አስመስሎ እያስጠጋ በሌላው ወገን የሚያዘጋጅ ሰው በወረራ የተካነ ነው። ሁለቱም ጠንቃቆች ከሆኑ ደግሞ እያስጠጉና እየመለሱ ብዙ ይቆያሉ፤ ያን ጊዜ ትዕግሥት ያለቀበት ይመታል።

እኛ የጎጃም ልጆች ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ የለብንም። በ4ኛውና በ5ኛው ረድፍ መካከል ያለችውን መስመር እንደ ዐባይ ሸለቆ አድርጎ ማሰብ ይበቃል። ከወዲህና ከወዲያ የሰፈሩ ሁለት ሠራዊቶች «ዛሬ የአንተ ተራ ነው፥ ነገ የእኔ ነው» ብለው አይሰፍሩም። እያንዳንዱ እንደ ቻለው ሰዉን ያከትታል፤ ስንቁን ያስገባል፤ መሻገሪያውን ይይዛል። ከሞጣ ወደ ጎንደር የሚሻገረው፥ በኢጣልያ ወረራ ዘመን መካከሉ የተሰበረው ሰባራ ድልድይ፥ ስሙን ያገኘው መሻገሪያን መያዝና መከልከል ትልቅ ነገር ስለ ነበረ ነው። አንዱ ከተሻገረ በኋላ ግን ሁለቱም እርስ በርሳቸው መልስ በመልስ ይያያዛሉ። ወረራ የሚለው ስም ያለ ምክንያት አልተሰጠም። ይሁን እንጂ አንዳንድ ሰዎች እንደሚሉት መኳንንቱ የጦር ብልኀት የተማሩት ከሰንጠረዥ ነው ለማለት አልደፍርም፤ ነገሩ በተገላቢጦሽ ይመስለኛል። የጦር ሜዳ የለመዱ ሰዎች በጨርቁ ላይ በተራ መሄድ ሞኝነት መስሎ ቢታያቸው ነው።

ጨዋታው በምን ዐይነት ሁኔታ ይካሄድ እንደ ነበር ከእንግሊዛዊው ከሚስተር ሄንሪ ሶልት ምስክርነት እናገኛለን። ሶልት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1805 ዓ.ም. ወደ እንደርታ ወደ አንጣሎ መጥቶ የትግሬውን ገዥ ራስ ወልደ ሥላሴን ሲጫወቱ አይቷል። ጠጠሮቹ ከዝሆን ጥርስ የተሠሩ ትልልቅና ከባድ ነበሩ። የባለጋራን ጠጠር የሚመታ ሰው በኀይል ገጭቶ ከቦታው ይወረውረዋል። በዙሪያ የቆመው ሰው ሁሉ፥ አገልጋዮቹ ሳይቀሩ፥ ሐሳብ ይሰጣሉ፤ ጠጠሩንም እያነሡ «በዚህ ቢሆን ይሻላል» ብለው ያሳያሉ። ሶልት አንድ ነገር ሳያነሣ አላለፈም፤ ይህ ሁሉ ጫጫታ እያለ ራስ ወልደ ሥላሴ ጨዋታውን ሁሉ እንዲያሸንፉ ሰዎቹ በብልኀት ያደርጉ ነበር። ይህን ሳነብ ሳቄ መጣ። ለጌታ መሸነፍም ራሱን የቻለ ጥበብ ሳይሆን አይቀርም፤ ለዚያውም ወረራ በሚፈቅደው ነጻነት መካከል ሳይታወቅ መሸነፍ።

ከሶልት በኋላ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ዋልተር ፕላውደንም ስለ አገራችን ሰንጠረዥ በመጽሐፉ ጽፎአል። ከእነዚህ ጽሑፎች እንደምንረዳው ለማሸነፍም ደረጃ ነበረው። ንጉሡን በደር ወይም በፈረስ ማት ማለት ቀላል ሆኖ ይቈጠር ነበር፤ በፈርዝ፥ በፊልና በመደቅ አጋጥሞ ማት ማለት ግን ያስመሰግናል። ባለጋራውን እስከ መጨረሻ ገፎ ንጉሡን ብቻውን ማስቀረትም የሚያስከብር ድል አልነበረም፤ ንጉሥ ከሎሌ ጋር እያለ ነው መሸነፍ ያለበት። ይህም ወደ አከፋፈቱ ይመልሰናል። በጨዋታው መጨረሻ ፈርዝና ፊል የሚያስፈልጉት ሰው በወረራ ጊዜ በከንቱ አይለውጣቸውም፤ ፊሎቹ ወደ ባለጋራው ንጉሥ አካባቢ በየትኛው ቤት እንደሚደርሱም ገና ሲጀምር ማወቅ አለበት።

እቴጌ ጣይቱ ብጡል በገና መደርደርና ሰንጠረዥ መጫወት ያውቁ እንደ ነበር ይነገራል፤ ስለዚህ ጨዋታው የወንዶች ብቻ አልነበረም። እስከ እርሳቸው ዘመንና ከዚያም በኋላ በመኳንንቱ ቤት ቆይቷል። የጠፋው ከፋሺስት ኢጣልያ ወረራ ወዲህ ነው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበሩት ዐምስት ዓመታት ሰንጠረዥ የሚጫወቱት ቤቶች ተበተኑ። ግማሹ ወደ ስደት፥ ግማሹ ወደ ዱር ሄደ። በቢቸና አውራጃም ሕዝቡ ከበላይ ዘለቀ ጋር ዱር የገባበት ዘመን ነው። ሰላም ሲመለስ ግቢው ሌላ፥ ወጣቱም ሌላ ነበር። አዲሱ ቼዝ ከመጽሐፉና ከባለ ሁለት ቀለም ሰሌዳው ጋር በትምህርት ቤትና በክበብ ገባ።

ጦርነቱ ብቻ አይመስለኝም ምክንያቱ። ገበጣ በዚያው ጊዜ አልጠፋም። ገበጣ መሬት ላይ ጉድጓድ ምሶ፥ ጠጠር ለቅሞ የሚጫወቱት ነው፤ እረኛም ተማሪም ይጫወተዋል። ሰንጠረዥ ግን የተሰፋ ጨርቅ፥ ከቀንድ ወይም ከዝሆን ጥርስ የተቀረጸ ጠጠር፥ ከዚያም በላይ ሥራ የሌለበት ረጅም ሰዓት ይፈልጋል። ስለዚህ በጥቂት ሰዎች አዳራሽ ውስጥ ቀረ፤ አዳራሹ ሲዘጋ አብሮ ተዘጋ። ወረራም በመጽሐፍ ሳይሆን ከጨርቁ ዳር ተቀምጦ በማየት የሚለመድ ስለ ነበር፥ የሚያዩት ሲያልቁ የሚያውቁትም አለቁ። ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1971 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ላይ ስለ ኢትዮጵያ ሰንጠረዥ ታሪክና ሕግ ሰፊ ጽሑፍ ባያወጡ ኖሮ ከላይ ከጻፍኩት ብዙው ባልተገኘም ነበር።

ይህን ጨዋታ እንደገና መሞከር ግን አያስቸግርም። የዛሬውን የቼዝ ጠጠር መጠቀም ይቻላል። የአንዱን ወገን ንጉሥና ንግሥት ቦታ አለዋውጡ፤ ንግሥቲቱን እንደ ፈርዝ፥ ዝሆኑን እንደ ፊል አራምዱ፤ ቀለም እንዳይረዳችሁ ሰሌዳውን ገልብጣችሁ በጀርባው ላይ 64 ቤት አስምሩ። መጀመሪያ ሁለት ሦስት ጊዜ ሳቅና ሽሚያ ብቻ ይሆናል፤ እጅ ከእጅም ይጋጫል። በአራተኛው ግድም አንዱ እጁን አንሥቶ ዝም ብሎ ማየት ይጀምራል።

ለወላጆችም አንድ ልመና አለኝ። በየቤታችሁ በአያቶች ሣጥን ውስጥ ቀይ ሆኖ ሰማያዊ ወይም ጥቁር ቅዳጅ በስምንት በስምንት የተሰፋበት አሮጌ ጨርቅ ቢገኝ፥ ለጠረጴዛ ልብስነት ከማዋላችሁ በፊት አንድ ጊዜ ወደ ትምህርት ቤታችን ብታመጡት መልካም ነው። ከእርሱ ጋር «ደር»፥ «ፊል»፥ «መደቅ» የሚሉትን ስሞች ሲሰሙ ያደጉ አረጋዊ ካሉ፥ ልጆቻችሁ ደብተር ይዘው ይመጣሉ።